ያልተዘመሩ ቁጥሮች

መምህር ሳህሉ ሐሙስ ከቀትር በኋላ በገዛ ጓሮው ሞቶ ተገኘ። የወደቀው ታናሽ ወንድሙ ጠና ባስቆፈረው አዲስ የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ከሁለት ሰው ቁመት ይጠልቃል። የጥቅምት ዝናብ እንዳይሞላው፣ እዚህ አገር እንደሚደረገው፣ ቀጫጭን እንጨት ተጋድሞበት በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ነበር። ሰው ስቶ እንዳይገባበት ደግሞ በአራቱም ማዕዘን ችካል ቆሞ፣ በየችካሉ ጫፍ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

«ዓይን ያለው ሰው እዚህ ውስጥ አይገባም። ገፍተውታል» አለ ሳጅን ቸኮል።

ለቸኮል ስሙን ያወጣለት ሰው ነገ የሚሆነውን ያወቀ ይመስላል። ኢንስፔክተር ታንጉት ከመድረሷ በፊት ጠናን በካቴና አስሮ ጣቢያ ልኮታል። ታንጉት ግን የምትቸኩል ሴት አይደለችም። ሃምሳን አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እግሩን የማየት ልማድ አላት። ከጓሮው አጥር ባሻገር፣ ከሆሳዕና መናኸሪያ፣ ረዳቶች «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» እያሉ ይጮኻሉ። አንድ ሰው ሲሞት ዓለም እንዴት እንዲህ ሥራዋን ትቀጥላለች? ታንጉት በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይታም ነገሩን አልለመደችውም።

ሬሳው ወጥቶ ሳር ላይ ተጋድሟል። በቀኝ እግሩ ላስቲክ ጫማ አለ። ግራው ካልሲ ብቻ ነው።

«የግራው ጫማ ያውና፣ ቡናው ሥር» አለ ቸኮል። «ሲታገሉ የወለቀ ነው። እየጎተተ አምጥቶ ወረወረው።»

ታንጉት እያቃሰተች ቁጢጥ አለች። የካልሲው ውስጥ እግር በጭቃ ተለስኗል፤ ላዩ ግን ንጹህ ነው። ካልሲውን ስታወልቀው በእግሩ ላይ ያረጀ የቃጠሎ ጠባሳ አየች። ከዚያ ተነስታ ወደ ቡናው ሥር ሄደች። ጫማው ጭቃ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል። ከጉድጓዱ አፋፍ ደግሞ አንድ ቅርጫት ተደፍቶ ሳህሉ የለቀመው ቡና ተበትኗል፤ ቀዩም አረንጓዴውም በአንድ ላይ። አንድ እፍኝ አንስታ በመሀረቧ ቋጠረችው።

ግቢው በር ላይ ሱቅ ያለው ፈትሁዲን ነው። የሟቹም የጎረቤቱም ገበናው ሱቁ ፊት ለፊት ነው የሚያልፈው።

«ጠዋት ተጣልተዋል፣ አልዋሽም» አለ። «መምህር "ማን ቆፍር አለህ? እኔ ደህና ነኝ!" እያለ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ጠናም "እልኸኛ!" ብሎት ወጣ።»

«ከዚያ በኋላ ጠና ተመልሶ ገባ?»

«ለምሳ ገብቷል። እሪ ያለውም እሱ ነው።»

«መምህሩ ላንተ ጥሩ ሰው ነበር?»

«ነበር። ሰሞኑን ግን እንጃ፣ ኮራብኝ መሰለኝ። ከሩቅ እጄን አንስቼ ሰላም ስለው ዝም ብሎኝ ያልፋል። "መምህር!" ብዬ ስጠራው ግን ወዲያው ይስቃል፤ የድሮው ሰው ነው።»

ጠናን ጣቢያ አገኘችው። ፊቱ በእንባ አብጧል።

«ወንድምህ አልፈልግም ካለ ለምን ቆፈርክ?»

«አሮጌው ሽንት ቤት ከግቢው ጥግ ነው። ጋሼ ሲሄድ ይደናቀፋል፤ ሁለቴ ሲወድቅ አይቻለሁ። ቅርብ ላድርግለት ብዬ ነው እኮ! ደህና ነኝ ይላል። ሁሌ ደህና ነኝ ነው።»

«ጨርቁን አሳይተኸዋል?»

«አሳየሁት እንጂ! በር ላይ ቆመን "ጋሼ፣ ቀዩ ጨርቅ ይታይሃል? ከዚያ እንዳታልፍ" አልኩት። "ይታየኛል፤ ልጅ አደረግከኝ እንዴ?" አለኝ።»

«ሲመልስልህ ወዴት እያየ ነበር?»

ጠና እንግዳ ነገር እንደተጠየቀ ሁሉ አፈጠጠባት። «ወደ እኔ» አለ ቀስ ብሎ።

«ከወንድምህና ከሚስቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለይተህ ነው የምትኖረው። ማታ ማታ ምን ይሰማሃል?»

«ጸሎት ነዋ። የመዝሙር ቁጥር ይጠራራሉ። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ "አሥራ ሁለት፣ ስምንት፣ ስድስት፣ ሃያ ዘጠኝ" ይላል። ግን አይዘምሩም። የታመመው ሳንባው እምቢ ብሎት ነው እያልኩ አዝን ነበር።»

ታንጉት ቁጥሮቹን ደብተሯ ላይ ጻፈቻቸው። ካቴናው ግን አልተፈታለትም፤ የሟቹ አጎት አቶ ቲቶ ከዶዮገና ከነዘመዶቻቸው መጥተው «ገዳዩ ሳይታሰር ልጃችን አፈር አይቀምስም» ብለዋል። ነገ ከሰዓት ቀብር ነው። እስከዚያ እውነቱ ካልተገኘ ጠና ወንድሙን እንኳ ሳይቀብር ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ዘመድም ለሁለት ይከፈላል።

የሟቹ ሚስት ሐዳሳ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ናት። ታንጉት አርብ ጠዋት ስትገባ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ለቀስተኞቹ ይህን አይተው መንሾካሾክ ጀምረዋል።

«እህቴ፣ እግሩን ምን አቃጠለው?»

«ሙቅ ውሃ። እኔ ነኝ ያቀረብኩለት። ሳላበርደው ነከረው፤ ዝም ብሎ ወሬ ያወራኛል። ቆዳው ሲላጥ ነው ያየነው።»

«አላመመውም?»

«በፊት ያመው ነበር። ለቲቢው ያንን መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ እግሩ ፍም እንደረገጠ ይቃጠልበታል፤ አንሶላ ሲነካው ይጮሃል። በኋላ ተወው። ሲተወው ደስ ብሎን ነበር።»

«ለጤና ጣቢያው ተናገራችሁ?»

ሐዳሳ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እኔም የወንጌል አማኝ ነኝ» አለች ታንጉት። «ማታ የምትጠሩትን መዝሙር እስቲ ንገሪኝ። አሥራ ሁለተኛው ምን ይላል?»

ሐዳሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «አሥራ ሁለተኛው...» ብላ ጀመረች፤ አንድም ስንኝ ግን አላገኘችም። ታንጉት የሚያስፈልጋትን አግኝታለች። ማግኘቷ ግን ምንም ደስ አላላትም።

የጤና ጣቢያው ነርስ ነህምያ ይባላል። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ ማረም ከተወ ቆይቷል። ሳህሉ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት፣ ሊኔዞሊድ የሚባለውን መድኃኒት ለወራት በየቀኑ ከእሱ እጅ ሲወስድ ኖሯል።

«መድኃኒቱ ነርቭ ይጎዳል፣ የዓይንም የእግርም» አለ። «ስለዚህ በየወሩ እንመረምራለን።» ነጠብጣብ የሞላባቸው ገጾች ያሉት መጽሐፍ አወጣ። በቀይና አረንጓዴ ነጠብጣቡ መሐል ቁጥር ተደብቋል። «የዓይን ነርቭ ሲጎዳ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀለም ነው። ቁጥሩ አልታይ ካለው እናውቃለን።»

«ሳህሉ ተሳስቶ ያውቃል?»

«በፍጹም! ገጹን ገልጬ ሳልጨርስ ይናገራል። ጎበዝ ነበር።»

«ሁልጊዜ ከፊት ነው የምትጀምረው?»

«አዎ፣ ከመጀመሪያው...» ነህምያ መጽሐፉን ድንገት ከደነ።

«ቢሳሳት ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አለች።

«ድሮ መድኃኒቱ ይቋረጣል። አሞጽ የሚባል የሙዱላ ልጅ ሆስፒታል ከሳህሉ ጎን ይተኛ ነበር። "ዓይኔ ደከመ" አለ፣ ተቋረጠበት፤ ያኔ የምንተካለት አልነበረንም። በሽታው አገረሸና ሞተ። ዓይኑን የከደነለት ሳህሉ ነው።»

«እስቲ መጽሐፉን ግለጥልኝ። በቅደም ተከተል አንብበው።»

ነህምያ አነበበ። ታንጉት ሰማችና «ከሰዓት ለቅሶ ቤት ና። መጽሐፉን አምጣው» ብላው ወጣች።

ከቀብሩ በፊት ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። አቶ ቲቶ መሐል ተቀምጠዋል፣ ሐዳሳ ፍራሿ ላይ ናት፣ ፈትሁዲን በሩ ሥር ቆሟል፣ ነህምያ መጽሐፉን ታቅፏል። ጠናን ቸኮል በካቴናው ይዞ አስገባው። ዘመዶቹ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ።

ታንጉት የቋጠረችውን መሀረብ ሰሌኑ ላይ ፈታችው።

«አባባ ቲቶ፣ ይህንን ቡና ማን ነው የለቀመው ቢሉዎት ምን ይላሉ?»

«ቡና የማያውቅ ሰው። ጥሬውንም የደረሰውንም ቀላቅሎታል።»

«መምህር ሳህሉ ቡና አያውቅም?»

«እኔ ጓሮ ነው ያደገው! ከልጆቹ ሁሉ ለቃሚ እሱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቀላቀለው? ቀዩ ከአረንጓዴው ስላልተለየው ነው።» ወደ በሩ ዞረች። «ፈትሁዲን፣ አልኮራብህም። ፊትህ ይደበዝዝበት ነበር፤ በድምፅህ ነው የሚያውቅህ። ጠና ጨርቁን ሲያሳየው ወደ ጨርቁ አላየም፤ የት እንዳለ አያውቅማ። በኮባ ቅጠል መሐል ቀይ ጨርቅ ለእናንተ ይጮሃል። ለእሱ ግን ሁሉም አንድ ጓሮ ነው።»

«ጫማውስ? ታግለው ነው እንጂ» አለ ቸኮል፣ ድምፁ ግን ሳስቷል።

«የተጎተተ ሰው ካልሲው ላዩም ይቆሽሻል። የእሱ ውስጥ እግሩ ብቻ ነው የቆሸሸው፤ እስከ ጉድጓዱ በራሱ እግር ሄዷል። ጫማው ጭቃ ውስጥ ሲቀርበት አላወቀም። ሙቅ ውሃ ቆዳውን ሲልጠው ያልተሰማው እግር ጭቃ ይሰማዋል? ደህና እግር ቢሆን የኮባው መርገብገብ ገና ጫፉን ሲረግጥ ይነግረው ነበር። ዓይኑ አልነገረውም፤ እግሩም አልነገረውም።»

«ነርሱ በየወሩ ይመረምረው የለም እንዴ?» አሉ አቶ ቲቶ።

«ይመረምረዋል። ነህምያ፣ ጠና በግድግዳ በኩል የሰማውን የመዝሙር ቁጥር ልንገርህ? አሥራ ሁለት፣ ስምንት፣ ስድስት...»

«ሃያ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ሰባት» አለች ሐዳሳ።

ሁሉም ዞሮ አያት።

«ነርሱ ወጣ ሲል ገጾቹን በስልኬ አነሳኋቸው» አለች። «ሳህሉ "ዓይኔን ካወቁብኝ እንደ አሞጽ ያደርጉኛል" ብሎ አለቀሰ። ሰው እንዴት እንዲያ ያለቅሳል? ሊጨርስ ሁለት ወር ብቻ ነበር የቀረው። ተማሪዎቼን በዜማ እንደማስጠናው አስጠናሁት። ሳይሳሳት ሲጨርስ እንስቅ ነበር። እግሩንም ደበቅን፤ ምክንያቱን እንዳይጠይቁን። ትናንት ጠዋት ስወጣ ያልነበሩትን ጨርቆች ከሥራ ስመጣ አየሁ። ወዲያው ገባኝ። ጠናን ሲወስዱት ቆሜ አየሁ... አፌ አልከፈት አለኝ።» ወደ ነህምያ ዞረች። «ብንነግርህ ኖሮ? እውነቱን ንገረኝ።»

ነህምያ መጽሐፉን አየ፣ መሬቱን አየ፣ የሚያመልጥበት ግን አልነበረም።

«መጠኑን እንቀንስለት ነበር። ካልሆነም እንቀይርለታለን። ዘንድሮ ሌላ መድኃኒት መጥቷል።»

«ነግረኸናል?»

«አልጠየቃችሁኝም። ምርመራውን ሁልጊዜ ያልፋል... ደህና ነው ብዬ...»

ሐዳሳ ያን ጊዜ አለቀሰች። እንዲህ ያለውን ልቅሶ ለቀስተኛ አያጅበውም።

አቶ ቲቶ ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ። «እንግዲህ ማንን ልንከስ ነው?» አሉ። ቁጣ ይዘው ከዶዮገና ድረስ መጥተዋል፤ የሚያራግፉበት ሰው ፈለጉ፤ እውነት ለመናገር ታንጉትም ብታገኝላቸው በወደደች። ጉድጓዱን የቆፈረው ስለሚወደው ነው። ቁጥሩን ያስጠናችው ስለምትወደው ነው። መድኃኒቱም ሳንባውን እያዳነው ነበር።

«የሚከሰስ የለም፣ አባባ» አለች። «ቸኮል፣ ፍታው።»

ካቴናው ተፈታ። ጠና የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ። ሐዳሳ ቀና ብላ አላየችውም። በጉልበቷ ተንፏቃ ወደ መሀረቡ ቀረበችና ቡናውን መልቀም ጀመረች፤ ቀዩን ወደ ቀኝ፣ አረንጓዴውን ወደ ግራ። ዘመድ ሁሉ ቆሞ ያያታል።

ጠና ሄዶ አጠገቧ ተንበረከከ። አንዲት ፍሬ አነሳ፣ ዓይኑ በእንባ ስለተሞላ ቀለሟ አልታይ አለው።

«ይቺስ የቷ ናት?» አላት።

ሐዳሳ ከእጁ ወስዳ ከቀዮቹ ጋር አስቀመጠችለት።