ያልተወዛወዙት ነጥቦች

የሙዘይን አስከሬን ሐይቅ ከተማ ባለች አንዲት የግል ሆስፒታል ነጭ ለብሶ ተጋድሟል። ወንድሙ አሕመዲን ጀናዛውን ሊወስድ በር ላይ ቆሟል፤ ፖሊስ ግን «ነገሩ ሳይጣራ አይወጣም» ብሏል። የሙዘይን ልጅ ሒክማ አባቷን አየች። እንባ አልመጣላትም። ሰውነቷ ሁሉ ደንዝዞ መዳፏ ብቻ ያቃጥላታል።

ሙዘይን የሞተው በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ ገብቶ የሐሞት ከረጢት በሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ላይ ነበር። ሒክማ ማንም ሳያስተምራት የሠራችው ፕሮግራም፣ ከብዙ ቪዲዮ ተምሮ፣ በስክሪኑ ላይ ጉበቱንና ሐሞቱን በአረንጓዴ ነጥቦች ይከተላል፤ ሐኪሙም የት እንደሚቆርጥ ያያል። «የልጄ ሥራ በእኔ ይሟሽ» ያለው ራሱ ሙዘይን ነው።

«ፕሮግራሙ ነው የገደለው» አለ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ፈንታሁን። «ነጥቡን አምኜ ስቆርጥ ደም ሥር ነካሁ።»

«ኮምፒዩተር መቀስ ይዞ አያውቅም፣ ዶክተር» አለች ኢንስፔክተር ስህን። የሐይቅ ልጅ ናት፤ ምላሷ ምላጭ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተሳበው ደም የተጠራቀመበትን ጠርሙስ አንስታ በብርሃን አየችው። ከዚያ ወደ ማደንዘዣ ባለሙያው ዞረች። «እርስዎስ፣ ጋሼ ቢያድግልኝ?»

ሒክማ ፕሮግራሟን እንድትሞክር የሆስፒታሉን በር ያስከፈቱላት እሳቸው ነበሩ።

«ለተደነዘዘው በሽተኛ የሚተነፍስለት መሣሪያ ከእጄ አልወጣም» አሉ። «ቢቋረጥ ደወሉ አገር ያናጋ ነበር። ደወል የሰማ አለ?»

የሰማ የለም።

ስህን ቪዲዮውን አስከፈተች። ነጥቦቹ በሚስማር የተመቱ ይመስላሉ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይታዘዙልሻል?» አለቻት ሒክማን።

«ኧረ ምን ሲደረግ! በሽተኛው በተነፈሰ ቁጥር ይንሸራተቱ ነበር። ዛሬ ግን ፍንክች አላሉም። ሥራዬን ሊያዩ ከደሴ የመጡት እንግዶች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።»

ስህን ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ደግማ አየችው። «ሁሉንም ጥሪልኝ» አለች።

ሁሉም ተሰበሰቡ።

«ዶክተር፣ የዚህ ጠርሙስ ደም ዶሮ አይገድልም። ደግሞ ቪዲዮው ላይ ገና ሲፈስ ጠቁሯል፤ አየር ያገኘ ሰው ደም ቀይ ነው። እናም ሰውዬው ሲቆረጥ አየር አጥሮት ነበር።» ወደ ስክሪኑ ጠቆመች። «ሐይቁ ላይ ነፋስ እየነፈሰ ታንኳ ካልተወዛወዘ፣ መሬት ነክቷል እንላለን። ጉበት ከሳንባ ሥር ነው፤ ሰው ሲተነፍስ ከፍ ዝቅ ይላል። እዩ፣ መጀመሪያ ላይ ነጥቦቹ ከፍ ዝቅ እያሉ ይንሸራተታሉ። ከዚያ ድንገት ቀጥ! ፕሮግራሙ በአንዴ አልጎበዘም፤ የቆመው ሥጋው ነው። ትንፋሹን ሰው አቁሞታል። ደወሉ ያልጮኸው አስቀድሞ ስለተዘጋ ነው። መሣሪያው በማን እጅ እንደነበር ደግሞ ጋሼ ቢያድግልኝ ራሳቸው ነግረውናል።»

ቢያድግልኝ ተቀመጡ። ስህንን አላዩም፤ ሒክማን ነው ያዩት።

«በእንግዶቹ ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው፣ ልጄ። መተንፈሻውን ለአፍታ ብቻ ላቆመው ነበር። ነጥቦቹ ሲቆሙልሽ ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አጨበጨብሁ። በዚያው መልሼ መክፈቱን ዘነጋሁት።»

ዶክተር ፈንታሁን ቆቡን አወለቀ።

«ጀናዛውን ውሰዱ» አለች ስህን ዝቅ ባለ ድምፅ።

አሕመዲን ወደ ሒክማ መጣ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሥራሽ አልገደለውም። ተነሽ፣ እንቅበረው» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው እሷ ነበረች። ያን ጊዜ አባቷ አይተነፍስም ነበር።

ሒክማ ተነሳች። የሚያቃጥሏትን መዳፎቿን ግን በሻርፗ ሥር ደበቀች።