ከሻጭ እጅ የማትቀምስ ሴት

ሻሃናራ የተዘጋ ላፕቶፕ ፊቷ አስቀምጣ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋች ሞታ ተገኘች። ከንፈሯ ቀልቷል። ከእጇ አጠገብ ባዶ የሻይ ብርጭቆና አንዲት ፍሬ ቅርንፉድ ነበሩ።

በዚያን ቀን ከሰዓት፣ ባንግላዴሽ፣ ባሪሳል ከተማ ያለው የሞይና ሴቶች ኮሌጅ ቦርድ የተማሪ መዝገብ ሶፍትዌር ከዲጎንቶና ከሻፕላ ኩባንያዎች ከየትኛው እንደሚገዛ ከእሷ አፍ ሊሰማ ነበር። ያለ አማካሪ የተገዛው የቀድሞው ሶፍትዌር የልጆቹን ውጤት አጥፍቶ ብዙዎቹ የትምህርት ድጎማ አምልጧቸዋል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ዶክተር ኢድሪስ ከማንም ሻጭ ጋር የማትነካካ አማካሪ፣ ሻሃናራን፣ ከዳካ አስመጡ።

ኢንስፔክተር ሉትፋ ስትደርስ ፖሊሶቹ የዲጎንቶ ኩባንያ ወጣት ሻጭ ታንዚምን በካቴና አስረውታል። ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል፤ ሻዩን ያመጣው ደግሞ እሱ ነው።

«አፓ፣ እህቴ፣ እናቴ ትሙት፣ ሻይ ብቻ ነው!»

«ጠጣችው?»

«ተቀብላ አመሰገነችኝ፤ እኔም ወጣሁ። ይኸው ብርጭቆው ባዶ ነው፣ ጠጥታዋለች!»

«ሶፍትዌርም እንዲህ ነው የምትሸጠው? ራስህን እኮ እያሰርክ ነው።»

ሉትፋ ወደ መስኮቱ ሄዳ የአበባውን ማሰሮ አየች። አፈሩ ላይ የወተት ሻይ ደርቋል።

«ዶክተር ኢድሪስ፣ ሟቿ ሻይ አትወድም ነበር?»

«ትወዳለች። ከሻጭ እጅ ግን ውሃም አትቀምስ። ሰው እንዳታሳፍር ትቀበልና ትደፋዋለች። ‹ከበላሁላቸው ልፈርድባቸው አልችልም› ትላለች።»

«ማንን ልትመርጥ ነበር?»

«ቦርዱ ሳይቀመጥ ለእኔም አትነግረኝም። አንዳችን ከሻጮቹ ጋር ዝምድና ካለን ግን ቀድማ ለብቻ ጠርታ ‹ራስህ ተናገር› ትላለች። እኔንም አንድ ጊዜ ጠርታኛለች።»

ምክትል ርእሰ መምህሯ ሩክሳና በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከሻሃናራ ጋር በተማሪነታቸው አንድ ክፍል ኖረዋል።

«ዛሬ አግኝተዋት ነበር?»

«የት አግኝቻት፣ ልጄ! ትናንት እንደተለያየን ነው። ያ ሥራዋ ነው የበላት። ሻፕላን ጥላ ዲጎንቶን ስትመርጥ ዝም የሚሏት መሰላት?»

ሉትፋ ሩክሳና አጠገብ ያለውን የብር ሣጥን አየች።

«ፓን ይኖርዎታል? ቁርስም አልበላሁ።»

ሩክሳና የብር ሣጥኗን ከፍታ የሚታኘክ፣ ከንፈር የሚያቀላ አንድ ጥቅል ቅጠል ሰጠቻት። ጥቅሉ በቅርንፉድ ተወግቷል።

«በሩ ላይ ያለው ፓን ሻጭ በስንጥር ነው የሚወጋው።»

«ያ ደግሞ ፓን ነው? የእኔ ከድሮም በቅርንፉድ ነው።»

ሉትፋ አልቀመሰችውም። ኪሷ ከተተችው።

ከሰዓት ሁሉም በቦርዱ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ታንዚም እንደታሰረ፣ የሻፕላው ሻጭ ዲሊፕም አጠገቡ።

«ሻዩ የአበባው ማሰሮ ውስጥ ነው» አለች ሉትፋ። «ሻሃናራን የገደላት ሻይ አይደለም። ከንፈሯን ያቀላው ፓን ነው፤ ሐኪሙ አፏ ውስጥ የቀረው ቅጠል ላይ መርዙን አግኝቷል። ቅርንፉዱን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ቀጥሎም ጎረሰች። እንዲህ የሚወጋ ፓን እዚህ ቤት የማን ነው?»

ሁሉም የሩክሳናን ሣጥን አዩ።

«ሩክሳና፣ ዛሬ አላየኋትም አሉኝ። ግን ዲጎንቶን እንደመረጠች ያውቃሉ። ርእሰ መምህሩ የማያውቁትን ማን ነገርዎት? እሷው ናት፤ ለብቻ ጠርታ። ለብቻ የምትጠራው ደግሞ ዝምድና ያለውን ነው። ዲሊፕ፣ ሸሪካችሁ ማነው?»

ዲሊፕ አንገቱን ደፋ። «ራኪብ... የወይዘሮ ሩክሳና ልጅ። ጨረታው ካመለጠን እንዘጋለን።»

ዶክተር ኢድሪስ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ፖሊሱ የታንዚምን ካቴና ፈታ። ልጁ እጁን እያሸ ቆመ እንጂ አልወጣም፤ እንዳሸነፈ የሰማው ገና አሁን ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች ሉትፋ፣ ድምፅዋ ዝግ ብሎ። «ልጅዎ ሻጭ መሆኑን እያወቀች እንዴት ከእጅዎ ወሰደች? ዕድሜዋን ሙሉ ያልጣሰችውን ደንብ?»

ሩክሳና ሣጥኑን ዘጋችው።

«እኔም አትወስድም ብዬ ነበር። ብትመልሰው ኖሮ በዚያው ይቀር ነበር። ለልጄ ለምኛት እምቢ አለችኝ፤ አለቀስኩ። ያን ጊዜ እጇን ዘረጋች። ‹ዛሬስ ካንቺ ልብላ፣ እንዳትቀየሚኝ› አለችኝ።»