ቶሎ ያረፈው ኮርድ

የፒያኖ መምህሩ የተገደለው በመቃኛ መፍቻ ነው። ወፍራሙ ብረት የራስ ቅሉን ከጆሮው በላይ ሰብሮታል፤ ደሙ የፒያኖውን ነጫጭ ቁልፎች አልፎ ምንጣፉ ላይ ረግቷል። መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። የያዘችውን ጉዳይ ሳትቆፍር ስለማትተው ባልደረቦቿ «ፍልፈል» ይሏታል፤ ስሙን ጠልታው አታውቅም።

ኮሪደሩ ላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አዛውንት ጥበቃ እጃቸው በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፈዋል። መስኮት ሊዘጉ ገብተው ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሊያነሱት ሲታገሉ ሸሚዛቸው በደም ተነከረ። ሃምሳ አለቃው ይህን ለመስማት ትዕግሥት አልነበረውም፤ ከንፈራቸውን በቡጢ ተርትሮታል።

«እሱ ነው፣ አለቀ፤» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሙዚቃው ከቆመ በኋላ ሌሎቹ ሦስቱ እንግዳ መቀበያው ውስጥ አብረው ነበሩ። እስከ ማታ አምኖ ይፈርማል።»

«እንደዚህ ከደበደብካቸውማ እኔንም ገድያታለሁ ብለው ይፈርማሉ፤» አለች ሳትዞር። ንዴቷ ከድምጿ ያስታውቃል።

ሦስቱ የመምህሩ ሚስት፣ ፒያኖ ቃኚውና ረዳት መምህሩ ናቸው። ከሚስትየዋ ጀመረች።

«ሲጫወት ሰምተውታል፣ እትዬ?»

«እኔና ቃኚው ሻይ ይዘን እንሰማ ነበር። ከራሱ እየፈጠረ ሲጫወት ሰው ማንጠልጠል ይወዳል። ኮርዱን፣ ያንን የድምፆች ጥምር፣ ይወጥረዋል፤ አሁንስ አረፈ ስትይ መልሶ ይሰቅልሻል። ዛሬ ግን...» እንባዋ ቀደማት። «ዛሬ ቶሎ ቶሎ አሳረፈው። ከስንት ዘመን በኋላ ራራልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ሙዚቃው እንዳበቃ ረዳቱ መጥቶ አብሮን ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ጥበቃው ሲጮኹ ሰማን።»

ቃኚው ሳይጠየቅ ጀመረ። «መፍቻው የኔ ነው፣ አልክድም። ሥራዬን ሳልጨርስ ውጣልኝ ብሎ ሲያባርረኝ ፒያኖው ላይ ትቼው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ከእትዬ አጠገብ አልተነሳሁም።»

«ሰው ያስቀይም ነበር?»

«ረዳቱን ይጠይቁት። ውጥረት ስለማይችልና ኮርዱን ወዲያው ስለሚያሳርፍ፣ ተማሪ ፊት ‹ቤት ናፋቂው› እያለ ያዋርደው ነበር።»

ፍልፈል ወደ ፒያኖው ተመልሳ አጎነበሰች። ቁልፎቹ ላይ የተረጨው ደም በጣት ተጨፍልቆ ተዝረክርኳል። የሟቹ ጣቶች ግን ንጹሕ ናቸው። ቀና አለችና ሁሉንም አስጠራች፤ ጥበቃውም ከነካቴናቸው ገቡ።

«ገዳዩን ሙዚቃው ከቆመ በኋላ ስንፈልግ ነው የተሳሳትነው፤» አለች። «መጀመሪያ ደሙ ተረጨ፤ ከዚያ ሰው ተጫወተበት። የሟቹ ጣት ላይ ግን ጠብታ ደም የለም። እናንተ ሙዚቃውን ስትሰሙ እሱ ሞቶ ነበር።»

ሚስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ገዳዩ ሰውየው በሕይወት አለ እንዲባል ተጫወተ። በጓሮ በር ወጣ፣ ዞሮ መጥቶ ከእናንተ ጋር ተቀመጠ። እትዬና ቃኚው ያኔ አብረው እየሰሙ ነበር። ጥበቃው ፒያኖ ይችላሉ?»

«አንድም ቀን ነክተው አያውቁም፤» አለች ሚስትየዋ።

ረዳቱ ለመሳቅ ሞከረ። «እኔ እንደ ጋሼ መጫወት ብችል ይሄኔ እዚህ እገኝ ነበር?»

«አትችልም። እሱ አንጠልጥሎ ያቆይ ነበር፤ አንተ ሬሳ እግርህ ሥር ተጋድሞ እንኳ ለማሳረፍ ቸኮልክ። እጅህን ታጥበሃል። የሸሚዝህን እጅጌ ገልብጠው እስቲ።»

አልገለበጠውም። ጠርዙን በጣቶቹ ጨምድዶ ያዘ።

«ኮርዱን አንጠልጥሎ ‹በል አንተ ጨርሰው› አለኝ፤» አለ። «እንደ ልማዱ ሳቀብኝ። መታሁት። ወድቆም እየሳቀ መሰለኝ፤ ዝም እስኪል ደጋገምኩት። ከዚያ ጨረስኩለት።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከጥበቃው እጅ ፈትቶ ረዳቱን አሰረበት።

«አሁን ውሃና ንጹሕ ጨርቅ አምጣ፤» አለችው ፍልፈል። «የአባታችንን ፊት ራስህ ታጥብላቸዋለህ።»

ሃምሳ አለቃው አንገቱን ደፍቶ አመጣ። የራሰውን ጨርቅ ይዞ እጁን ሲያነሳ ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«አልገደልኩም፣ ጌታዬ፤» አሉ።