የአባዬ መዶሻ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰንጋ ተራ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፣ ደንበኞቼ ስንት ጉድ ሲያወሩኝ «በቃ ደክሟችሁ ነው» እያልኩ ሹሩባዬን የምሠራ ሰው ነኝ። ይኸው ለእኔም ደረሰኝ።

አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ለገሃር ባቡር ጣቢያ ነው፣ የድሬዳዋው ባቡር ሲገባ እየዞረ የብረት ጎማዎቹን በመዶሻ ይመታ ነበር፣ ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው፣ ከደነዘዘ ግን ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ባቡሩ አይነሣም። አሁን አሮጌው ጣቢያ ዝም ብሎ ቆሟል፣ የከተማው ባቡር ከፊቱ በድልድይ ያልፋል። አባዬም ከካዛንቺስ ተነሥተን አያት ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ አልጋ ላይ ነው፣ ሁሉን ረስቷል፣ እኔን ራሱ «እትዬ» ነው የሚለኝ። አንድ ቀን እንኳ ስሜን ቢጠራኝ ብዬ እንዴት እንደምመኝ!

ያን ቀን ሊመሻሽ ሲል ከሜክሲኮ ተሳፈርኩ፣ ቆሜ ውዬ እግሬ አብጧል፣ ደግነቱ ወንበር አገኘሁ፣ በዚያ ሰዓት ወንበር ማለት እኮ ሎተሪ ነው። ለገሃር ስንቆም ከሥር ኳ... ኳ... የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ብረት በብረት፣ ከኋላ ወደ እኔ እየቀረበ። እመኑኝ፣ ድልድይ ላይ ነን፣ ከሥር ሰው የሚቆምበት የለም። እኔ ጋ ሲደርስ ዱፍ አለ፣ የተሰነጠቀ ገንቦ ሲመታ እንደሚለው።

አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ «እማማ፣ ሰምተዋል?» አልኳቸው።

«ምኑን ልጄ? ደክሞሽ ነው» አሉኝ፣ የራሴን ቃል ለራሴ!

ልውረድ አልኩና፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን ወንበር ማን ይለቃል? ተቀመጥኩ። ምንም አልሆነም፣ በሰላም ገባሁ።

አባዬን የምታይልኝ ጎረቤቴ ዘይነባ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ ፊቷ ልክ አይደለም። «ወላሂ ከአልጋው ንቅንቅ አላለም፣ ግን እጁን ባጥበው ባጥበው ጥቁረቱ አልለቅ አለኝ» አለችኝ። ገብቼ ሳየው መዳፉ በግራሶ ጠቁሯል፣ እኛ ቤት ደግሞ ግራሶ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል?

ዓይኑን ገለጠና «ሮማን» አለኝ።

ስሜን! እንባዬ መጣ፣ ልስመው ሳጎነብስ እጄን ጭብጥ አደረገኝ።

«ለምን አልወረድሽም? መታሁልሽ እኮ» አለኝ።

በማግስቱ ያው «እትዬ» ሆንኩ። ያንኑ ባቡር ዛሬም ተሳፍሬዋለሁ፣ ነገም እሳፈራለሁ፣ ምን ምርጫ አለኝ? ብቻ ለገሃር ስንደርስ፣ ወንበር ባገኝም፣ ተነሥቼ በሩ ጋ እቆማለሁ።