ሻይ የጠጣው ከበሮ

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በእጄም ነክቻለሁ።

1976 ዓ.ም፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ካለች አንዲት መንደር፣ ታላቅ ወንድሜ ወልደ ሰንበት ቤት...

ያኔ ሞጣ ጤና ረዳት ነበርኩ። ከውጭ የተመለሰ አንድ ሐኪም፣ በብልቃጥ ያሳደገው የአባ ሰንጋ ጀርም ላይ አረንጓዴ ሻይ ጠብ አድርጎ አሳይቶኛል። ጀርሙ ሞተ።

«የነቃውን ይገድላል» አለኝ። «የተኛውን ግን እንጃ። ይህ ጀርም ሲጨንቀው ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። ቆዳና አፈር ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል።»

እኔ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ያዝኩ። አንድ ፓኬት ሻይ ለወንድሜ ወሰድኩና «ይህ አባ ሰንጋን ይገድላል» ብዬ ጎረርኩበት። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ብዙም ሳይቆይ የወንድሜ ዳማ በሬ በድንገት ሞተ። ባፍንጫው ጥቁር ደም ፈሰሰ አሉ። «ቆዳውን ሳትገፍፉ ቅበሩት» ብዬ ላክሁ። ቀበርነው አሉኝ።

ያን እሑድ የሄድኩት አራስ ሚስቱን ልጠይቅ ነው። ግድግዳው ሥር አዲስ ከበሮ ተቀምጧል። ወንድሜ ሚስቱ በሰላም ከተገላገለች ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ አስገባለሁ ብሎ ተስሎ ነበር።

ቤቱን ዝንብ ወሮታል። ከበሮው ላይ ግን አንዲት ዝንብ አላረፈችም።

በጣቴ ነካሁት... ይሞቃል። ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ ተቀምጦ እንደ ከብት ሆድ ይሞቃል።

«የምን ቆዳ ነው?»

ሚስቱ አየሁሽ ሕፃኗን አቅፋ ወደ ጓዳ ገልመጥ አለች።

«የዳማው...» አለች በሹክሹክታ።

«ቀበርን አላላችሁም?»

«ሥጋውን ቀበርን። ቆዳውን በሰጠኸው ሻይ ሦስት ቀን ዘፈዘፈው። ጸድቷል አለ። ለካህናቱም የታረደ ነው ብሏቸዋል... እባክህ እንዳትናገር።»

ወንድሜ ከጓዳ ወጣ። ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቋል።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።»

«ምንም አይል። አያምም።»

አወጣው። መሐሉ ከሰል የመሰለ ቁስል... ዙሪያው አብጧል። የአባ ሰንጋ ቁስል አያምም። ክፋቱም እሱ ነው።

«በሻይህ እያጠብኩት ነው» አለኝ። ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው።

ሞጣ ሮጥኩ። ፔኒሲሊኑ ወደ ጦር ግንባር ሄዷል አሉኝ። ባሕር ዳር ደርሼ፣ መድኃኒቱን ይዤ ረቡዕ ስመለስ፣ ወንድሜን ቀብረው ተመልሰዋል።

ከበሮውን ላቃጥለው ወደ ደጅ አወጣሁት።

በምላጭ ተፍቆ የለሰለሰው ቆዳ... ፀጉር አብቅሏል። አጭር፣ እንደ በሬው ዳማ ፀጉር። እርጥብ ነው። ሻይ ሻይ ይሸታል።

ነጭ ጋዝ አርከፍክፌ አነደድኩት። አመድ እስኪሆን ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል። የወንድሜ ልጅ አድጋ ወልዳለች። አባቷን የበሬው በሽታ ብቻ የገደለው ይመስላታል። በጉራዬ የገደልኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ፣ ከበሮውን የነካሁባት ጣቴ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁ። ዙሪያዋን ሦስት አራት ዳማ ፀጉር በቅሏል። አሸተትኩት... ሻይ።

ጫን አደረግኋት።

አያምም።