ያልጠየቀው ኮምፒውተር

ባንተአምላክ የተገኘው ኪቦርዱ ላይ ተደፍቶ ነው። ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው የስደት ሰፈሩ ባለው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቱ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የዋይፋዩን ፓስወርድ ስለሚጠይቀው በሳምንት ሁለት ሦስቴ በንዴት ይደፋ ነበር። የዛሬው ልዩነት ማጅራቱን ተመትቶ መሞቱ ነው።

የፖሊስ መኮንኑ ዳሂር አማርኛ ስለማይችል ሀፊዛን አስጠራ። ሀፊዛ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ፖሊስ ሲቸግረው ታስተረጉማለች። መርምሪ ያላት የለም። እሷም ፈቃድ አልጠየቀችም።

«ነገሩ አልቋል» አላት ዳሂር። «ሟቹ ሰባት ሰዓት ከአንድ ላይ ለእህቱ ኢሜይል ልኳል። ሰባት ከአሥር ላይ አናጢው መዶሻ ይዞ ገባ። በመሐል ሌላ ሰው የለም። ማታ እስር ቤት አስገባዋለሁ።»

አናጢው ፈጠነ መደርደሪያ ሊጠግን ከዳሚ ሰፈር የመጣ ነው። እጁ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሏል።

«እትዬ፣ ስገባ ሞቶ ነበር። ጮህኩ እኮ! ገዳይ ይጮሃል?»

«አንዳንዱ ይጮሃል። መዶሻህስ?» አለች ሀፊዛ።

«ፖሊስ ወሰደው። ገና ሚስማር እንኳ አልመታሁበትም!»

ሀፊዛ መልእክቱን አነበበች፦ «እህቴ፣ ደህና ነኝ። አሁን ሰባት ሰዓት ነው። አናጢውን እየጠበቅሁ ነው።»

«እህትየው ሰዓት የላትም እንዴ?» አለች።

ዳሂር አልሳቀም። ሀፊዛ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች። ሁሉም ነገር አቧራ ለብሷል። የመብራት ማስተካከያው የብረት ስታብላይዘር ብቻ ተወልውሏል።

ፀሐፊዋን ሄቨንን ስለ ኮምፒውተሩ ጠየቀቻት።

«እሱን አታንሺብኝ! ፓስወርዱን አስታውስ እንለዋለን፣ እሺ ይላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አላውቃችሁም! ስምንት ወር ሙሉ! ዛሬም ሦስት ሰዓት ላይ ጠይቆ፣ ጋሼ እየተሳደበ ጻፈለት። አምስት ሰዓት ላይ ወረቀት ላደርስ ስወጣ ጋሼ ብቻውን ነበር።»

«መብራቱ መቼ ይጠፋል?»

«የሕንፃው ጀነሬተር በየቀኑ ከስድስት እስከ ሰባት ያርፋል። ሰባት ሲሆን ኮምፒውተሩ በራሱ ይነሳል። ከዚያ ጥያቄውን ደቅኖ ይገትረናል።»

«የሚጠግነው የለም?»

«ኢዩ የሚባል ቴክኒሻን አለ። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫነው እሱ ነው። በየሳምንቱ በር ዘግቶ አንድ ሰዓት ይነካካል፤ በማግስቱ ያው ነው። ትናንት ጋሼ ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ ቢለው ተጨቃጨቁ።»

ኢዩ ተጠርቶ ሲመጣ ተረጋግቶ ነበር።

«የሊኑክስ ጠባይ ነው እትዬ። ብዙ ታግዬዋለሁ፣ አልሆነም።»

«ዛሬ መጥተህ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም። ሰባት ሰዓት ላይ አያሃ ሰፈር ነበርኩ፤ ሃያ ሰው ይመሰክራል።»

«ስለ ሰባት ሰዓት አልጠየቅሁህም» አለች ሀፊዛ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸውና ሶኬቱን ነቅላ መልሳ ሰካችው። ማሽኑ ተነሳ። ሄቨን ሳታስበው እጇን ወደ ኪቦርዱ ሰደደች። ፈጠነ እንኳ ከነካቴናው አንገቱን አሰገገ። ኢዩ ብቻ በሩን ያያል።

ጥያቄው አልመጣም። ዋይፋዩ ገባ።

«አስታወሰ!» አለች ሄቨን። ወዲያው እንባዋ መጣ። «ጋሼ ከሞተ በኋላ?»

«ይሄ ዕቃ እኔንም ቤቴ ሁለት ወር አቃጥሎኛል» አለች ሀፊዛ፣ ለዳሂርም እየተረጎመች። «ሲነሳ ማንንም ሳይጠይቅ ይከፍታል። የዋይፋዩ ፓስወርድ ግን በተጠቃሚው የግል ሣጥን ተቆልፎበታል፤ ስለዚህ የሣጥኑን ቁልፍ ይለምናል። መድኃኒቱ 'ለሁሉም ተጠቃሚ' የሚለው ላይ አንድ ምልክት ማድረግ ነው። ዛሬ ምልክቱ ተደርጓል፤ ማሽኑ ራሱ እንደመዘገበው ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው።»

«ሟቹ አድርጎት ቢሆንስ?» አለ ዳሂር።

«ምልክቱ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ይፈልጋል። ማን ያውቀዋል ሄቨን?»

«ኢዩ ብቻ። ለጋሼም አልሰጠውም።»

ዳሂር ግራ ገባው። «ሰው ገድሎ ኮምፒውተር ይጠግናል?»

«ሰባት ሰዓት ላይ የሞተ ሰው እንዲጽፍለት ፈለገ። ኔቱን አጥፍቶ መልእክቱን ጻፈና ለመላክ ተራ አስያዘው። ጀነሬተሩ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ኔት ሲያገኝ ይልካል፤ እሱ አያሃ ነው። እንቅፋቱ አንድ ነበር፦ ማሽኑ ይጠይቃል፣ መላሹ ሞቷል። ስለዚህ ጠገነው። የመታበትን ስታብላይዘርም ወለወለው፤ እዚህ ቤት የሚወለወል ዕቃ እንደሌለ ረሳ።»

«ምን ጎድሎብኝ?» አለ ኢዩ።

«በር ዘግተህ የምትቀመጥባት ሰዓት። እዚህ የስደተኛው ሁሉ ፓስፖርት ስካን ይደረጋል። ሌላ ባለሙያ ማሽኑን ካዳነው ማን ይጠራሃል? ዳሂር፣ ኪሱን እየው።»

ከኪሱ ፍላሽ ወጣ። ሲከፈት የስምንት ወር ደንበኛ ፓስፖርት ሞልቶበታል፤ የፈጠነም አለበት። ካቴናው ከፈጠነ እጅ ወደ እሱ እጅ ተዛወረ።

ሄቨን ከኮምፒውተሩ ወደ ሀፊዛ ዞረች።

«እትዬ፣ አንድ ምልክት ብቻ ነው?»

«አንድ።»

«ስምንት ወር!» ብላ ኢዩ ላይ ተወረወረች። ዳሂርና ሁለት ፖሊስ ተረዳድተው ያዟት።

ፈጠነ አንጓውን እያሸ ወደ ተሰበረው መደርደሪያ ሄደ፤ ቃል የገባበት ሥራ ነው። ሚስማሩን ከኪሱ አውጥቶ ቦታውን ለካ። ከዚያ ዞሮ ፖሊሶቹን አያቸው።

«መዶሻዬን» አለ።

«ነገ ከጣቢያ ውሰድ» አለ ዳሂር በሀፊዛ በኩል። «ስምህን ግን መዝገቡ ላይ እንደገና ትጽፋለህ።»