ከቀለበቱ ሥር የተገኘው ሬሳ

በጥንቷ የፋርስ ከተማ በኢስታኽር ዙሪያ የዳኛው ልጅ ማህዱኽት፣ «ውሸታም ገና አፉን ሳይከፍት አውቀዋለሁ» ብላ ያልፎከረችበት መንደር የለም። አባቷ እግሩ አብጦ ስለተኛ ምርመራው በእሷ ላይ ወድቋል። ዛሬም ጤዛው ሳይደርቅ ነፍሰ ገዳዩን አገኘሁ ብላ ወጣቱን ድንጋይ ጠራቢ ዊንዳድን አሳሰረች።

ሟቹ ዋናው ጠራቢ ቡርዛግ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቀለም ቀቢዎች ከገደሉ ሥር ወድቆ አገኙት። ከበላዩ፣ አምላክ ለንጉሠ ነገሥቱ የሥልጣኑን ቀለበት ሲያቀብል የሚያሳየው ገና ያላለቀ ቅርጽ አለ። በሟቹ ጭብጥ ውስጥ የዊንዳድ መሮ ነበር። የዘበኞቹ አለቃ እኩለ ቀን ላይ ዊንዳድን ከዚያው ገደል ሊወረውረው ነው።

ማህዱኽት ግን አንድ ቦታ መቆም አቃታት። ወደ ሬሳው ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ሰው እንዴት መሮ ጨብጦ ይደርሳል? ያስጨበጠው ሰው አለ ማለት ነው። በእምነታቸው ሬሳ የነካ ደግሞ ይረክሳል፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በበሬ ሽንት ሳይታጠብ እህል አይቀምስም።

ሽንቱን ወደምታድለው አሮጊት፣ ወደ በሬዎቹ በረት ሮጠች።

«እትዬ አኖሻግ፣ ዛሬ ሽንት የወሰደ ማን ነው?»

«ሁሉም ነዋ! እንደ ወትሮው ለእጁ አንድ እፍኝ። ሳትታጠቢ የምትሮጪው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ከእፍኝ በላይስ?»

አሮጊቷ አሰበች። «ጌታው ዙርቫንዳድ። ጎህ ሳይቀድ መጥተው አንድ ማሰሮ ሙሉ ወሰዱ። ምነው ብላቸው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።»

ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ስትል ማህዱኽት ሁሉንም ከቅርጹ ሥር ሰበሰበች። የሥራው አዛዥ ዙርቫንዳድ ጢሙን እያሻሸ ቆሟል።

«ጌታው፣ ሬሳው የተገኘው መቼ ነው?»

«ፀሐይ ከወጣች በኋላ። ሁሉም የሚያውቀውን ትጠይቂያለሽ?»

«ነክተውታል?»

«እኔ? አጠገቡም አልደረስኩ!»

«ታዲያ ጎህ ሳይቀድ፣ ማንም ሞቱን ሳይሰማ፣ አንድ ማሰሮ ሽንት ምን አደረጉበት?»

ዙርቫንዳድ ወደኋላ ሲያፈገፍግ ማህዱኽት ተከተለችው።

«በቅርጹ ላይ ከንጉሡ ኋላ ጭራ ይዞ የሚቆመው ሰው በመልክዎ እንዲቀረጽ ቡርዛግን ለመኑት፤ በሠራተኛው ፊት እምቢ አለዎት። ዛሬ ማንም ሳይነሳ ከላይ ገፉት፤ ወርደው መሮውን አስጨበጡት። ነፍስ ማጥፋቱን አልፈሩም፤ ርኩሰቱን ግን ፈሩ።»

«ታዲያ ረክሼ ቅዱሱ እሳት ፊት ልቁም?» ብሎ ጮኸ ዙርቫንዳድ።

ምን እንዳለ የገባው ዘበኞቹ ክንዱን ከያዙት በኋላ ነው።

ማህዱኽት ደረቷን ነፋች። «አያችሁ? ከእኔ የሚያመልጥ የለም!»

«ስሚ አንቺ» አላት ዊንዳድ ከበስተኋላዋ፣ «ፉከራው ይቆይሽና መጀመሪያ ያሳሰርሽውን እጅ ፍቺ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል።»